ግድግዳን ማልበስ፦ የማኅበራዊ መኖሪያ ቤቶች እድሳትና የውጭ ሙቀት መከላከያ



የዚህን ንግግር ርእስ ሳስታውቅ አንድ የቅርብ ባልደረባዬ፣ «በአዲስ አበባ አየር ስለ ግድግዳ ኢንሱሌሽን መናገር ለቆላ ሰው ካፖርት እንደ መሸጥ አይሆንብህም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የምናገረውም በአብዛኛው ስለ እንግሊዝ ነው፤ እኛን ለምን እንደሚያሳስበን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ለአሁኑ ዋና ሐሳቤን ላስቀምጥ። ግድግዳ ሦስት ሥራ አለው፦ ሙቀትን ይይዛል፣ ውኃን ይቆጣጠራል፣ እሳትን ያግዳል። አሮጌ ቤቶችን በውጭ በኩል ስናለብስ ግን በቁጥር የምንለካውና ገንዘብ የምንከፍልበት በአብዛኛው የመጀመሪያው ብቻ ሆኖ ቆይቷል። ከባዱ ኪሳራ የመጣው ባልለካናቸው በሁለቱ በኩል ነው።

«ማኅበራዊ መኖሪያ ቤት» ስል እኛ የቀበሌ ቤት ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነገር ማለቴ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ወይም ለትርፍ ያልቆመ የቤቶች ማኅበር ከገበያ ዋጋ በታች የሚያከራየው ቤት። በእንግሊዝ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ድፍን የጡብ ግድግዳ ያላቸው የቆዩ ቤቶች ናቸው፤ ሌሎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጥድፊያ የቆሙ የኮንክሪት ሕንፃዎች ናቸው። የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር ሲሠሩ ስለ ሙቀት ብክነት ብዙም አለመታሰቡ ነው።

እኔ ይህን ጉዳይ መጀመሪያ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለዶክትሬት ትምህርቴ እንግሊዝ አገር ሳለሁ፣ ከማዘጋጃ ቤት በተከራዩት ቤት ውስጥ ይኖሩ ከነበሩ አንዲት የአገራችን እናት ዘንድ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ክፍሌ ወደ ሰሜን የዞረ ነበር። በክረምት ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ በጥቁር ሻጋታ ይሸፈናል። እማማ ቅዳሜ ቅዳሜ በረኪና በጨርቅ ይዘው ሲፈትጉት ያረፍዳሉ፤ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ለአከራዩ አቤት ሲሉ የመጣላቸው ደብዳቤ መስኮት እንዲከፍቱ፣ ሲያበስሉም እንፋሎት እንዲቀንሱ የሚመክር ነበር። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አንብቤ ስጨርስ፣ «ልጄ፣ ወጥ ያለ እንፋሎት እንዴት ይሠራል? በዚህ ብርድስ መስኮት ከፍቼ የማሞቂያውን ማን ይከፍልልኛል?» አሉኝ። የሕንፃ ፊዚክስ ተማሪ ሆኜ ለጥያቄያቸው መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ልመልሰው።

ግድግዳው 22 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ጡብ ነበር። እንዲህ ያለ ግድግዳ በውስጥና በውጭ መካከል ለሚኖር ለእያንዳንዱ የአንድ ዲግሪ ልዩነት፣ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 2 ዋት ገደማ ሙቀት ያሳልፋል፤ በተለምዶ ለስሌት የሚወሰደው 2.1 ነው። ውስጡ 20፣ ውጩ 0 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን፣ 10 ካሬ ሜትር የሆነ አንድ ግድግዳ 420 ዋት ያባክናል። አራት ባለ መቶ ሻማ አምፖል ሌት ተቀን ለጎዳና እንደ ማብራት ነው።

ነገር ግን ለእማማ ከሒሳቡ ይልቅ የከበደው ሌላ ነገር ነበር። በዚህ ሁኔታ የግድግዳው የውስጥ ገጽ ሙቀት 14.5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ደግሞ 60 በመቶ ቢሆን፣ ያ አየር ግድግዳውን ሲነካ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ አንጻራዊ እርጥበቱ ይጨምራል። ሻጋታ ለማደግ የሚፈስ ውኃ አያስፈልገውም፤ ገጹ አጠገብ ያለው እርጥበት ለቀናት 80 በመቶ አካባቢ ከቆየ ይበቃዋል። በምሳሌያችን ይህ የሚሆነው የገጹ ሙቀት ከ15.5 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ነው። ግድግዳው ከዚያ በታች ነበር፤ ሞቃት አየር የማይደርስበት ከቁም ሣጥን ጀርባ ያለው ቦታ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ወደ 12 ዲግሪ ሲወርድ የጤዛው ነጥብ ላይ እንደርሳለን፤ ግድግዳው ያልበዋል። አራት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ በመተንፈስ፣ በማብሰል፣ በማጠብና ልብስ በማድረቅ በቀን አሥር ሊትር ገደማ ውኃ ወደ አየር ይለቃል። ይህ መኖር ነው እንጂ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የግድግዳው ነበር።

እዚህ ላይ የውጭ ሙቀት መከላከያ ይመጣል። አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። በአሮጌው ግድግዳ ላይ በውጭ በኩል የመከላከያ ሰሌዳ በማጣበቂያና በብሎን ይለጠፋል፤ በላዩ የመረብ ጨርቅ የተቀበረበት ስስ ልስን ይለሰናል፤ ወይም የአየር ክፍተት ተትቶ በብረት ማዕቀፍ ላይ የሚሰቀል ክላዲንግ ይደረግበታል። ሰሌዳው የፖሊስቲሪን ፎም፣ ሌላ የፕላስቲክ አረፋ፣ ወይም ከቀለጠ ድንጋይ የሚፈተል ሱፍ ሊሆን ይችላል። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢለጠፍበት ያ 2.1 ወደ 0.3 ገደማ ይወርዳል። 420 ዋቱ በግምት 60 ዋት ይሆናል፤ የግድግዳው የውስጥ ገጽም ከ19 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ሻጋታው የሚበቅልበት ቀዝቃዛ ገጽ አጣ ማለት ነው።

ለምን በውጭ? በውስጥ በኩል ብንለጥፈው ክፍሉ ይጠባል፤ ነዋሪው ዕቃውን ማውጣት አለበት፤ ከሁሉም በላይ ጡቡ ከማሞቂያው ተነጥሎ ይቀዘቅዛል፣ በልባሱና በጡቡ መካከልም እርጥበት ሊቋጥር ይችላል። በውጭ ሲሆን ግን ቤቱ እንዳለ ጋቢ ደረበ ማለት ነው። ጡቡ ራሱ ሞቆ ሙቀት ያጠራቅማል፤ የወለል ኮንክሪት ወደ ውጭ የሚያሾልከው ሙቀት፣ የሙቀት ድልድይ የምንለው፣ አብሮ ይሸፈናል። በመርሕ ደረጃ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ ለማግኘት ያስቸግራል፤ እኔም ዛሬ ልቃወመው አልቆምኩም።

ትምህርቴን ልጨርስ ስል የእማማ ሰፈር በዚህ መንገድ ታደሰ። በመጀመሪያው ክረምት ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ደረቀ። እማማ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ «ሞቀኮ!» ያሉት ትዝ ይለኛል። በሁለተኛው ክረምት ግን በመስኮቶቹ ዙሪያና በመታጠቢያ ክፍሉ ጣሪያ ጥግ ላይ አዲስ ሻጋታ ወጣ። ምክንያቱን ያወቅነው ቆይተን ነው። ሰሌዳው በመስኮቱ ጉንጭ ላይ ተጠምዝዞ መግባት ሲገባው እዚያው ጠርዙ ላይ ቆሞ ነበር፤ ስለዚህ በመስኮቱ ዙሪያ ያለው ጠባብ የጡብ መስመር እንደ ቀዘቀዘ ቀረ። ከሥራው ጋር መስኮቶቹ በአዲስና በጥብቅ ተተክተው ነበር፤ ቀድሞ በስንጥቁ ይወጣ የነበረው እርጥብ አየር መውጫ አጣ፤ ለመታጠቢያ ቤቱና ለማድ ቤቱ አየር ማስወጫ የገጠመ ግን የለም። ሌላው ግድግዳ ሁሉ ስለሞቀ፣ እርጥበቱ የቀረችውን ቀዝቃዛ መስመር ፈልጎ አገኛት። በሙቀት ሒሳቡ ሥራው ተሳክቷል። በውኃ ሒሳቡ ግን ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ይህ የአንድ ቤት ገጠመኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላመጣሁት። በሰሜን እንግሊዝ በፕሬስተን ከተማ፣ ፊሽዊክ በተባለ ሰፈር፣ በ2010ዎቹ መጀመሪያ በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች በኃይል ቁጠባ መርሐ ግብር በውጭ ከለበሱ በኋላ ዝናብ ወደ ውስጥ ገብቶ ነዋሪዎቹ በርጥበትና በሻጋታ ተሠቃይተዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ደግሞ የአገሪቱ ብሔራዊ የኦዲት ቢሮ፣ በወቅቱ በነበሩት የመንግሥት መርሐ ግብሮች የውጭ ግድግዳ መከላከያ ከተሠራላቸው ቤቶች 98 በመቶዎቹ እርማት የሚሹ ዋና ዋና ችግሮች እንዳሉባቸው አስታወቀ። ይህ ቁጥር የሚነግረን ቴክኖሎጂው መጥፎ መሆኑን አይደለም። የሚነግረን ሥራው የሚወድቀው በሰሌዳው መካከል ሳይሆን በጠርዙ መሆኑን ነው፤ ከጣሪያው ጋር በሚገናኝበት፣ በመስኮቱ ደፍ፣ በአሸንዳው ማሰሪያ፣ ቧንቧ በሚወጣበት ቀዳዳ። ክፍያው በካሬ ሜትር ሲሆን ጠርዝን የሚያይ ሰው አይኖርም።

ሻጋታ የውበት ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የአዋብ ኢስሐቅን ታሪክ ያስታውስ። አዋብ ከሱዳን የመጡ ወላጆች ልጅ ነበር፤ በሮችዴል ከተማ በማኅበራዊ መኖሪያ ቤት ይኖር ነበር። በታኅሣሥ 2020 በሁለት ዓመቱ ሞተ። በኅዳር 2022 የተጠናቀቀው የአሟሟት ምርመራ፣ ለሞት ያበቃው በቤቱ ለነበረው ሻጋታ ለረዥም ጊዜ መጋለጡ መሆኑን አረጋገጠ። ወላጆቹ ደጋግመው አቤት ብለው ነበር፤ አከራዩም የሻጋታውን ምክንያት ከቤተሰቡ የአኗኗር ዘይቤ ጋር ሲያያይዝ ቆይቶ ነበር። በ2023 በወጣው የማኅበራዊ መኖሪያ ቤቶች ሕግ ውስጥ አከራዮች አደገኛ እርጥበትንና ሻጋታን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መርምረው እንዲያስተካክሉ የሚያስገድደው ክፍል ዛሬ «የአዋብ ሕግ» ይባላል። ይህን ዜና ባነበብኩ ቀን ያ ለእማማ ያነበብኩላቸው ደብዳቤ ተመልሶ መጣብኝ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሥራ፣ ወደ እሳት ልሻገር።

በምዕራብ ለንደን ኬንሲንግተን ውስጥ ግሬንፌል ታወር የተባለ ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ ነበር። በ1974 የተጠናቀቀ የኮንክሪት ሕንፃ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ድረስ በተካሄደ እድሳት በውጭ በኩል ለበሰ፤ አንዱ ዓላማም ያው ነዋሪውን ከብርድ ማዳን ነበር። በኮንክሪቱ ላይ የፕላስቲክ አረፋ ሰሌዳ ተለጠፈ፤ ከዚያ የአየር ክፍተት ተተወ፤ ከክፍተቱ ውጭ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ድርብ ሰሌዳ ተሰቀለ። ድርብ የሚባለው በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቆዳዎች መካከል 3 ሚሊ ሜትር ሙሊት ስላለው ነው። የግሬንፌል ሙሊት ፖሊኢታይሊን ነበር፤ ፌስታልና ጀሪካን የሚሠራበት ያው ቁስ። በመጀመሪያ የታሰበው የዚንክ ልባስ ነበር፤ ወጪ ለመቀነስ ተለወጠ።

ተማሪዎቼ ይህችን ስሌት በደብተራችሁ ሥሯት። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው አንድ ካሬ ሜትር ሰሌዳ ውስጥ 3 ሊትር ያህል ፕላስቲክ አለ፤ ክብደቱ 2.8 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ፖሊኢታይሊን ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ከአንድ ኪሎ ቤንዚን ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ ከሦስት ሊትር ተኩል በላይ ቤንዚን እንደ መስቀል ነው። ከጀርባው ያለው ክፍተት ደግሞ እሳት ማገጃዎቹ በትክክል ካልተገጠሙ እንደ ጭስ ማውጫ ነበልባሉን ወደ ላይ ይስባል።

ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሰኔ 14 ቀን 2017፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ በአራተኛው ፎቅ በአንድ ማድ ቤት ውስጥ ከማቀዝቀዣ እሳት ተነሣ። በደንበኛው ጊዜ በአንድ ክፍል ተወስኖ የሚጠፋ እሳት ነበር። በመስኮቱ በኩል ልባሱን ያዘ፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሕንፃው ጣሪያ ደረሰ። ሕንፃው አንድ ደረጃ ብቻ ነበረው። ለነዋሪዎቹ የሚሰጠው ምክር «ባላችሁበት ቆዩ» የሚል ነበር፤ ይህም እያንዳንዱ ቤት በኮንክሪት ስለታጠረ እሳት ከቤት ወደ ቤት አይሻገርም በሚል እምነት ላይ የቆመ ነው። እምነቱ ከእድሳቱ በፊት ትክክል ነበር። ልባሱ ከመጣ በኋላ ግን እሳት በውስጥ መሻገር አላስፈለገውም፤ በውጭ ዞሮ በየመስኮቱ ገባ። ምክሩ የተነሣው ከመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ሁለት ሰዓት ገደማ ዘግይቶ ነው። 72 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱ መካከል የአገራችንና የኤርትራ ተወላጆች፣ ሕፃናት ጭምር ይገኙበታል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእነዚያ ቤተሰቦች ጋር የሚተዋወቅ ሰው ቢኖር አይደንቀኝም።

ይህ ድንገተኛ ዕውቀት አልነበረም። በ1991 በሊቨርፑል አቅራቢያ ኖውዝሊ ሃይትስ የተባለ ባለ 11 ፎቅ ማኅበራዊ መኖሪያ፣ አዲስ በተደረገለት ልባስ ጀርባ ባለው ክፍተት እሳት ከታች እስከ ላይ ወጥቶበታል፤ በክፍተቱ ውስጥ ማገጃ አልነበረም። ሰው ስላልሞተ ተረሳ። በ1999 በስኮትላንድ አርቪን ከተማ በሌላ የማኅበራዊ መኖሪያ ሕንፃ እሳት በውጭ ፊቱ ወጥቶ አንድ ሰው ገደለ፤ የፓርላማ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ እርምጃ ለመውሰድ ብዙ ሰው እስኪሞት መጠበቅ እንደማይገባ አሳሰበ። የግሬንፌል ነዋሪዎችም ከአደጋው ሰባት ወር በፊት፣ በኅዳር 2016፣ ሰሚ የሚያገኙት ከባድ አደጋ ከደረሰ በኋላ ብቻ እንደሚሆን ጽፈው ነበር። በዳኛ ሰር ማርቲን ሙር ቢክ የተመራው አጣሪ ጉባኤ በመስከረም 2024 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት፣ ሞቶቹ ሁሉ ሊወገዱ ይችሉ እንደነበር ገልጾ፣ የመንግሥትን ችላ ባይነት፣ የቁስ አምራቾችን ሐቀኝነት ማጣትና የባለሙያዎችን ብቃት ማነስ ዘርዝሯል። ከአደጋው በኋላ፣ በታኅሣሥ 2018፣ እንግሊዝ ከ18 ሜትር በላይ በሆኑ አዳዲስ የመኖሪያ ሕንፃዎች የውጭ ግድግዳ ላይ ተቀጣጣይ ቁስ መጠቀምን ከለከለች።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በግሬንፌል እድሳት ላይ የአሮጌውን ግድግዳ ያህል እሳትን የሚቋቋም አካል አልነበረም። ኮንክሪቱ ብርድን ባይከላከልም አይነድም ነበር። አንዱን ሥራ ለማሻሻል የመጣው ልባስ ግድግዳው ሳይነገረው ለአርባ ዓመት ሲሠራ የኖረውን ሌላ ሥራ ቀማው። ለዚህ ነው እድሳት ከአዲስ ግንባታ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የምለው፤ አሮጌ ሕንፃ በንድፉ ላይ ያልተጻፉ በጎ ነገሮች አሉት፤ ስንነካው መጀመሪያ የሚጠፉትም እነርሱ ናቸው።

አሁን ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ ልመለስ። እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ብትሆንም የለንደን ክረምት የላትም፤ የብሎኬት ግድግዳችን 10 ሴንቲ ሜትር ፎም አይጠይቀን ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ባንኩ፣ ሆቴሉ፣ የንግድ ሕንፃው በምን ለብሷል? የአሉሚኒየም ድርብ ሰሌዳ በከተማችን የተለመደ ጌጥ ሆኗል። እኛ ኢንሱሌሽኑን ሳንወስድ ልባሱን ወስደናል።

ይህን በእጄ የያዝኩትን ቁራጭ ከአንድ የሕንፃ ዕቃ መደብር ገዛሁት። ሻጩን፣ «ሙሊቱ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። የቀለም ናሙና አወጣልኝ። «የእሳት ምርመራ ሰነድ አለው ወይ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ጥራቱ አንደኛ ነው፤ ቀለሙ አይለቅም» አለኝ። በቅንነት ነው የመለሰልኝ፤ እስከዚያ ቀን የጠየቀው ደንበኛ ስለ ቀለሙ ብቻ ነበርና። እኔም ሙሊቱን በዓይን አይቼ ልነግራችሁ አልችልም፤ ጥቁር ይሁን ግራጫ ቀለሙ አያስተማምንም። ፖሊኢታይሊን ወይም የማይነድ ማዕድን የበዛበት መሆኑን የሚለየው ምርመራ ነው።

ስለዚህ ነገ መሐንዲስ ወይም አርክቴክት ሆናችሁ የግድግዳ ዝርዝር ለፊርማ ሲቀርብላችሁ፣ ሙቀቱን ካሰላችሁ በኋላ ብዕራችሁን አስቀምጡ። ወደዚህ ግድግዳ የገባ ውኃ በየት ይወጣል? በዚህ መስኮት የወጣ እሳት ምን ያገኛል? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በሰነድ ካልመጣ አትፈርሙ። ቤቱ ሰው የሚኖርበት ከሆነም በር አንኳኩና የሚኖሩትን ጠይቁ። እማማ ስለ እርጥብ አየር ከእኔ ቀድመው ያውቁ ነበር፤ የቸገራቸው የሚሰማቸው ማጣት ነው።

ቁራጩን እዚህ ጠረጴዛ ላይ እተወዋለሁ። ከጥያቄና መልሱ በኋላ መጥታችሁ ጠርዙን እዩት፤ በሁለቱ አሉሚኒየም መካከል ያለችውን ስስ መስመር።